ልጄን ስለ ቅዱስ ቁርባን የት ላስተምር? ስድስት መንገዶች ሲወዳደሩ

ትልቁ ልጄ መጀመሪያ በቆረበ ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ሳንርቅ እጄን ጎተት አደረገና "ከእንግዲህ ትምህርት የለም አይደል?" አለኝ። ነጩ ሸሚዙ ላይ የሻማ ጠብታ ነበረበት። እኛ ካቶሊኮች ነን፤ ከመቁረቡ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ ተምሯል። ጥያቄና መልሱን እንደ ዳዊት ይደግመዋል። በሳምንቱ ግን ለቅዳሴ ለመቀስቀስ ብርድ ልብሱን መግፈፍ ነበረብኝ።

ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ሳናስብ የመረጥነው እኛ ነን። ሁሉም የሚልክበት ላክነው፣ ወረቀቱን ይዞ መጣ፣ ድፎ ተቆረሰ፣ አለቀ። ትንሿ እህቱ ስትደርስ ግን አንድ ማታ ባልና ሚስት ቁጭ ብለን ያሉትን አማራጮች ወረቀት ላይ ጻፍናቸው። እዚህ የማቀርበው ያንን ወረቀት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሞክረን ያየነውን ጨምሬበታለሁ።

መጀመሪያ የዕድሜው ነገር ይጥራ

አዲስ አበባ ውስጥ ካቶሊክ ልጅ ማሳደግ የራሱ ጣጣ አለው። ቁጥራችን ትንሽ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከአገሪቱ ሕዝብ 0.7 በመቶ ነበርን። የልጆቻችን ጓደኞች አብዛኞቹ ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊም ወይም ጴንጤ ናቸው። ስለዚህ ልጁ ከባዱን ጥያቄ የሚያመጣው ከክፍል ሳይሆን ከግቢ ነው። ትንሿ 5 ዓመቷ ላይ ያመጣችው ይህን ነበር፤ "የጎረቤታችን ሕፃን ጥርስ እንኳ ሳያወጣ ቆረበ። እኔ ለምን አልቆርብም?"

ለመመለስ ትንሽ ታሪክ ማወቅ ይጠይቃል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ይጠመቃሉ፤ ሜሮን ይቀባሉ፤ ይቆርባሉ። በላቲን ሥርዓት፣ ማለትም በምዕራቡ የካቶሊክ ሥርዓት፣ ደግሞ ልጆች 10 እና 12 ዓመት፣ አንዳንድ ቦታም ከዚያ በላይ እስኪሞላቸው የሚጠብቁበት ዘመን ነበር። ይህን ያስቀሩት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 10ኛ ናቸው። በ1910 እ.ኤ.አ. በወጣው ድንጋጌ፣ ልጁ ማመዛዘን ሲጀምር፣ ማለትም 7 ዓመት ገደማ፣ ይቁረብ ተባለ። ሁሉን ጠንቅቆ እንዲያውቅ አልተጠየቀም። ቅዱስ ቁርባንን ከተራው እንጀራ እንዲለይና እንደ ዕድሜው በአክብሮት እንዲቀርብ ብቻ ነው የተጠየቀው። ይህን ልብ በሉ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ከእኛ ከኢትዮጵያውያን ካቶሊኮች መካከል ደግሞ የግዕዝ ሥርዓት ልጆች የሆንን አለን፤ የምሥራቅ ካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት ቤተሰብ። በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ቀኖና፣ በቁጥር 710፣ ሕፃናት ከጥምቀትና ከሜሮን በኋላ በቅዱስ ቁርባን የሚሳተፉበትን መንገድ እንደየቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት ይመራል። ስለዚህ የአንዱ ቁምስና፣ ማለትም የአንዱ ሰፈር ቤተ ክርስቲያን፣ ልምድ ከሌላው ቢለይባችሁ አትደንግጡ። ቆሞሱን፣ የቁምስናውን ኃላፊ ካህን፣ ጠይቁ። የአምስት ደቂቃ ጥያቄ ነው።

ለልጃችን የነገርናት እንዲህ ነበር፤ "ጌታ ለሁላችሁም ይመጣል። እነሱ ቤት ቀድመው ያቀርባሉ፣ ከዚያ ያስተምራሉ። እኛ ቤት ትንሽ አስተምረን እናቀርባለን።" በቃት። ወዲያው ሌላ ነገር ጠየቀች።

በምን እንመዝን?

ትልቁ ሚዛናችን የማክሰኞ ሚዛን ነው። እሑድማ ማንም ቤተ ክርስቲያን ይገባል። ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለሱ በታክሲ በደጁ ስታልፉ ልጁ ምን ያደርጋል? የአዲስ አበባ ልጅ ስለሆነ ማማተቡ አይቀርም፤ ታክሲው ሙሉ ሰው ያማትባል። እሱን ተዉትና "ውስጥ ማን አለ?" ብላችሁ ጠይቁት። "ማንም የለም፣ ዝግ ነው" ካለ ስለ ቅዱስ ቁርባን የተማረው ገና ወሬ ብቻ ነው። "ኢየሱስ አለ" ካለ መንገድ ጀምሯል።

ከዚህ ቀጥሎ ሌሎች አራት ነገሮችን አየን። ልጁ እንደ ልቡ መጠየቅ ይችላል ወይ? የሚነገረውን ቋንቋ ይረዳዋል ወይ? ቤት ውስጥ በአማርኛ፣ ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ፣ ቅዳሴ ላይ በግዕዝ የሚኖር ልጅ ነውና ይህ ቀላል አይደለም። ነገሩ ከቁርባኑ ቀን በኋላ ይቀጥላል ወይስ ከድግሱ ጋር ያበቃል? በመጨረሻም ጊዜው፣ መንገዱና ገንዘቡ።

የቁምስናው ትምህርተ ክርስቶስ

ይህን ማንም አይዘለውም፤ መዘለልም የለበትም። ልደታ ለማርያም ካቴድራልም ይሁን ሰፈራችሁ ያለች ትንሽ ቁምስና፣ ልጁ ለምሥጢረ ንስሐና ለቁርባን መዘጋጀቱን የሚመሰክረው ቆሞሱ ነው። ልጁ የዕድሜ እኩዮቹን ያገኛል። "ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም ካቶሊክ" የሚልበት ቦታ ነው። ለእኛ አገር ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ወጪው ቢበዛ የደብተርና የፎቶ ኮፒ ነው።

ድክመቱ የታወቀ ነው። ክፍሉ ሰፊ፣ መምህሩ በጎ ፈቃደኛ፣ ሰዓቱ አጭር። ስለዚህ ትምህርቱ ወደ ቃል ጥናት ያዘነብላል። ትልቁ ልጄ የተማረበት ክፍል (የትኛው እንደሆነ ልተወው) ዓመቱን ሙሉ ከመቅደሱ 30 ሜትር በማይርቅ አዳራሽ ውስጥ ነበር። አንድም ቀን ተነስተው ወደ ውስጥ አልገቡም። ስለ እንግዳ እያወሩ እንግዳውን ሳሎን ጥሎ መሄድ ማለት ይህ ነው።

ስታስመዘግቡ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ። "ልጆቹን ቅዱስ ቁርባን ወደሚቀመጥበት ትወስዷቸዋላችሁ?" "አዎ" ከተባለ ጥሩ ክፍል ነው። "አስበንበት አናውቅም" ከተባለ ራሳችሁ በጎ ፈቃደኛ ሆናችሁ በወር አንድ ጊዜ ለመውሰድ ጠይቁ። እምቢ የሚል መምህር እስካሁን አልገጠመኝም።

ቤት ውስጥ፣ በወላጅ

ብዙ ወላጅ "እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሲስተር ታስተምረው" ይላል። እኔም እል ነበር። ግን ከፒዮስ 10ኛ ድንጋጌ የተጠየቀውን አስታውሱ፤ ከተራ እንጀራ መለየትና በአክብሮት መቅረብ። ይህን ለማስተማር ቲዎሎጂ አያስፈልግም። ማዕድ ያለው ቤት ይበቃል።

አማርኛ ደግሞ ግማሹን ሥራ ሠርቶ ያቀርብላችኋል። "ቁርባን" የሚለው ቃል ከ"ቀረበ" ጋር አንድ ሥር ነው፤ ልጁ ገና ቃሉን ሲሰማ መቅረብ እንዳለበት ይሰማል። "ቤተልሔም" የእንጀራ ቤት ማለት ነው። ጌታ የተወለደባት ከተማ ስሟ ይህ ነው፤ በአገራችን አብያተ ክርስቲያናት ግቢ የመሥዋዕቱ ኅብስት የሚጋገርባት ትንሿ ቤትም ስሟ ይኸው ነው። ለ6 ዓመት ልጅ ይህን ንገሩትና ፊቱን እዩ።

የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6ም አለላችሁ። በአማርኛው "የሕይወት እንጀራ እኔ ነኝ" ይላል፤ ዳቦ አይልም። ትንሿ "የጤፍ ነው?" አለች። ሳቅንና ዝም አልን። በኋላ ሳስበው ግን ጥያቄዋ ከብዙ ስብከት ይሻል ነበር። እንጀራ ለእኛ የሚጨመር ነገር አይደለም፤ ምግቡ ራሱ እሱ ነው። ሰው "እንጀራዬ" ሲል ኑሮዬ ማለቱ ነው። ጌታ ለእናንተ እንደዚያ ልሁን አለ ብንላት ምን ይጎድለዋል? ምንም።

ዓመቱንም ተጠቀሙበት። ጸሎተ ሐሙስ ማለት ለልጅ ጉልባን ነው። ጉልባኑን እያቀረባችሁ "ጌታ ለመጨረሻ ጊዜ ከወዳጆቹ ጋር እራት የበላው፣ ቁርባንንም የሰጠን በዚህ ምሽት ነው" በሉት። በዓመቱ ጉልባን ሲያይ ራሱ ይነግራችኋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ነገሩን ለማቅለል ብላችሁ "ምልክት ነው" አትበሉ። የካቶሊክ እምነት ምልክት ብቻ ነው አይልም። ኅብስቱና ወይኑ በእውነት የክርስቶስ ሥጋና ደም ይሆናሉ፣ መልካቸውና ጣዕማቸው ብቻ እንደነበረ ይቀራል፣ ክርስቶስ ራሱ አለ፤ ይህ ነው ትምህርቱ። ለልጅ እንዲህ ማለት ይበቃል፤ "እንጀራ ይመስላል፤ ግን ኢየሱስ ነው።" ልጆች በዚህ አይቸገሩም። የምንቸገረው እኛ ነን።

እጅ ሥራ ለሚወድ ልጅ አንድ ዘዴ አለ። በ1954 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ የመጽሐፍ ቅዱስ ምሁሯ ሶፊያ ካቫሌቲና የሞንቴሶሪ መምህርቷ ጃና ጎቢ "የመልካሙ እረኛ" የሚባል የልጆች ትምህርት ጀመሩ። ከ3 ዓመት ጀምሮ ያሉ ልጆች በትንሽ መንበር፣ በትንሽ ጽዋ፣ በትንሽ ሻማ ራሳቸው እየነኩ እያዘጋጁ ይማራሉ። ሙሉ ዕቃው ባይኖራችሁ ቤት ያለውን አሰናዱ። እኛ የጫማ ካርቶን፣ ንጹሕ ነጭ ጨርቅና አንድ ስኒ ወሰድን። መጫወቻ እንዳይሆን ከሌላው አሻንጉሊት ለይተን አስቀመጥነው። ትንሿ ጨርቁን አጥፋ ስታስቀምጥ ያየሁትን ጥንቃቄ ቦርሳዋ ላይ አይቼው አላውቅም።

የቤቱ ድክመት እናንተው ናችሁ። ማታ 2 ሰዓት ከሥራ ገብታችሁ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ወጥ እየሠራችሁ ማን ያስተምራል? በየቀኑ ካላችሁ ትሰለቻላችሁ። ቅዳሜ ማታ 15 ደቂቃ በቂ ነው። የእሑዱን ወንጌል አንብቡ፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ተነጋገሩበት።

የካቶሊክ ትምህርት ቤት

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተሳስቶ ያስባል። በአዲስ አበባ መሃል ጥሩ ስም ያላቸው የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ቅዱስ ዮሴፍን፣ ናዝሬትን፣ ልደታ ካቴድራልን የማያውቅ የለም። ልጅን እዚያ ማስገባት ግን ስለ ቅዱስ ቁርባን ማስተማር አይደለም። ከተማሪው ብዙው ካቶሊክ አይደለም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ይላል። ልጁ ሥርዓት፣ ግብረ ገብ፣ ጥሩ ሒሳብ ይማራል። የካቶሊክ መነኮሳትንና ካህናትን ያያል፣ ይለምዳቸዋል፤ ይህም ቀላል አይደለም። ቁርባንን ግን ከዚያ አትጠብቁ። "ክፍያውን ከፍያለሁ፣ ሃይማኖቱም ውስጡ አለ" የሚል ወላጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ ይደነግጣል።

ምዝገባ ለማግኘት የሚደረገው ሩጫ ለሌላ ቀን ይቆየን።

ቅዱስ ቁርባን ፊት መቀመጥ

ይህ በወረቀታችን ላይ መጨረሻ የጻፍነው ነበር። አሁን መጀመሪያ አደርገዋለሁ።

ከቅዳሴ ውጭ፣ ባልተጨናነቀ ቀን፣ ልጁን ይዞ ገብቶ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። ቅዱስ ቁርባን ለስግደት ተገልጦ የሚቀመጥበት ሰዓት ካለ በጣም ጥሩ። ከሌለም በሚቀመጥበት ትንሽ ሳጥን ውስጥ አለ፤ አጠገቡ የምትበራዋ ትንሽ መብራት ትመሰክራለች። ለልጅ መጀመሪያ ያችን መብራት አሳዩት። "መብራቷ ከበራች ቤት ውስጥ ሰው አለ" በሉት። መብራት ሲመጣና ሲሄድ የሚያድግ የአዲስ አበባ ልጅ ይህን ወዲያው ይይዘዋል።

ፈረንሳይ ውስጥ አርስ በምትባል መንደር ቅዱስ ዮሐንስ ቪያኒ ቆሞስ ሳለ አንድ ገበሬ እየመጣ ለረጅም ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ምን እንደሚያደርግ ሲጠየቅ "እኔ አየዋለሁ፣ እሱም ያየኛል" አለ። ለልጅ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁም። ትንሿ ከሰማች በኋላ ፊቷን ቀና አድርጋ ሳታርገበግብ ለማየት ሞከረች። ዓይኗ አነባ። "እሱም ሊያርገበግብ ይችላል" ብያት ገላገልኳት።

ሰዓቱን አታስረዝሙ። ለ4 እና ለ5 ዓመት ልጅ ሦስት ደቂቃ ብዙ ነው። ለ7 ዓመት ልጅ አሥር ደቂቃ። ስትገቡ ስገዱ፤ እሱ እናንተን አይቶ ይሰግዳል፤ ማዘዝ አያስፈልግም። ከዚያ የሚለው ነገር ስጡት፦ አንድ ምስጋና፣ አንድ ይቅርታ፣ አንድ ሰው የሚጸልይለት። ከዚያ ዝም። ዝምታው ሲያልቅበት ውጡ። "እንውጣ" እያለ እየለመነ ሳይሆን "ትንሽ እንቆይ" እያለ ቢወጣ ይሻላል።

ችግርም ያጋጥማል። ቤተ ክርስቲያኑ በሥራ ቀን ተዘግቶ ይጠብቃችኋል፤ ሰዓቱን አስቀድሞ መጠየቅ ነው። አንድ ቦታ ደግሞ አንድ አዛውንት ልጄን "ዝም በል!" ብለው ከልጁ በላይ ጮኹ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት አልሄድም አለ። አሁን ኋላ ጥግ ላይ እንቀመጣለን።

ሌላው ጥቅሙ ከበጎ ሥራ ጋር መገናኘቱ ነው። ስድስት ኪሎ ያለውን የማዘር ቴሬዛ ቤት የማያውቅ የለም። የማኅበሩ እህቶች ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየቀኑ አንድ ሰዓት ቅዱስ ቁርባን ፊት ይቀመጣሉ። ከዚያ ተነስተው ነው ማንም የማይጠጋውን በሽተኛ የሚያጥቡት። ልጃችሁ የጠበበውን ልብስ ራሱ ይዞ በር ድረስ ይውሰድ፤ በመንገድ ላይ ይህን ንገሩት። ማክበርና ማገልገል አንድ ነገር መሆኑን በአንድ ከሰዓት ይማራል።

መቅደስ ማገልገልና መዘምራን

ከቁርባን በኋላ ላለው ጊዜ ከዚህ የሚሻል የለም። 8 ወይም 9 ዓመት የሞላው፣ መቀመጥ የማይችል ልጅ ሻማ ሲይዝ ሌላ ሰው ይሆናል። የግዕዙ ቅዳሴም ለዚህ ይመቻል፤ ሕዝቡና ካህኑ ሲመላለሱ የሚውሉበት ነውና። ካህኑ "ሰላም ለኵልክሙ" ሲል "ምስለ መንፈስከ"፤ "አልዕሉ አልባቢክሙ" ሲል "ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ"። ልባችሁን ወደ ላይ አንሡ፤ ልባችን በአምላካችን ዘንድ ነው። ይህን ትርጉሙን ነግራችሁት ድምፁን ከፍ አድርጎ ይመልስ። አሥር መልስ የሚያውቅ ልጅ ቅዳሴው አይረዝምበትም።

ለእነዚህ ልጆች ጠባቂያቸው ቅዱስ ታርሲስዮስ ነው። ክርስቲያኖች በሚሳደዱበት ዘመን ሮም ውስጥ ቅዱስ ቁርባን ይዞ ሲሄድ ያዙት። አሳልፎ አልሰጥም ብሎ ተገደለ። በ4ኛው መቶ ዘመን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ደማስዮስ በግጥም አስታውሰውታል። ወንድ ልጆች ይህን ታሪክ ሁለት ጊዜ ያስደግሟችኋል።

ጉዳቱ፣ ቶሎ "ሥራ" ይሆናል። ማን ከፊት ይቁም፣ ማን ጽናጽል ይያዝ የሚል ፉክክር አለ። ልምምዱም ቅዳሜን ይበላል።

ስልክና ቪዲዮ

ስልክ ጠላት አይደለም። ካርሎ አኩቲስን አስቡ። በ1991 እ.ኤ.አ. ለንደን ተወልዶ ጣልያን ያደገ፣ ኮምፒዩተር የሚወድ ልጅ ነበር። በየአገሩ የተመዘገቡትን የቅዱስ ቁርባን ተአምራት ሰብስቦ ድረ ገጽ ሠራ። በ2006 በ15 ዓመቱ በደም ካንሰር ሞተ። በመስከረም 2025 እ.ኤ.አ. ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 14ኛ ቅድስናውን አወጁ። ጂንስና ስኒከር የለበሰ ቅዱስ ሲያዩ ታዳጊዎች ይገረማሉ። ግን እሱም በየቀኑ ይቆርብ ነበር፤ ድረ ገጹ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

በአማርኛ ለልጆች የተሠራ ነገር ከእንግሊዝኛው ጋር አይወዳደርም። ለወላጅ የቫቲካን ኒውስ የአማርኛ ገጽ ይረዳል። ለልጅ ግን በእንግሊዝኛ ያገኛችሁትን አብራችሁ እያያችሁ ማስረዳት ይሻላል። ብቻውን ከተዋችሁት ከሁለት ደቂቃ በኋላ ካርቱን ላይ ነው። ዳታውም ያልቃል።

ባጭሩ ሲታይ

| መንገድ | የማክሰኞ ሚዛን | ለመጠየቅ | ከቁርባን ቀን በኋላ | ወጪና ጊዜ | የሚመቸው ዕድሜ |
|---|---|---|---|---|---|
| የቁምስና ትምህርት | እንደ መምህሩ | ክፍሉ ከበዛ ያስቸግራል | ብዙ ጊዜ ይቆማል | ትንሽ ገንዘብ፣ በሳምንት አንድ ቀን | ከ6 እስከ 10 |
| ቤት፣ በወላጅ | ጥሩ | በጣም ጥሩ | እናንተ እስካላቆማችሁ | ምንም ገንዘብ፣ 15 ደቂቃ | ከ3 ጀምሮ |
| የካቶሊክ ትምህርት ቤት | ደካማ | መካከለኛ | ለዚህ አይቆጠርም | ከሁሉ ውድ | ሁሉም |
| ቅዱስ ቁርባን ፊት መቀመጥ | ከሁሉ የበለጠ | ከወጡ በኋላ፣ በመንገድ ላይ | ዕድሜ ልክ | የታክሲ | ከ4 ጀምሮ |
| ማገልገልና መዘምራን | ጥሩ | መካከለኛ | በጣም ጥሩ | ቅዳሜ ከሰዓት | ከ8 ጀምሮ |
| ስልክና ቪዲዮ | ብቻውን ደካማ | አብራችሁ ካያችሁ | እንደ ልጁ | ዳታ | ከ10 ጀምሮ |

ለማን የትኛው?

ገንዘብ ከሌለ አትጨነቁ፤ ከሠንጠረዡ የተሻሉት ርካሾቹ ናቸው። እንዲያውም ብር ያባከንነው ብር ባለን ጊዜ ነው። ለትልቁ ልጅ ድግስ፣ ለሸሚዝ፣ ለፎቶ አንሺ ያወጣነውን ሳስብ ያመኛል። የቀሚሱ ነገር በተለይ ሴት ልጅ ያላቸውን ያስጨንቃል። የቁምስናችሁ እናቶች ከአምናው ልጅ ተዋውሰው ቢያለብሱ ማን ይናደዳል?

ጊዜ ከሌላችሁ ሁለት ነገር ብቻ ያዙ፤ የቁምስናውን ክፍልና በሳምንት አንድ ቀን አሥር ደቂቃ በመቅደስ። ከክፍሉ ልጁን ልትወስዱ ስትመጡ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ግቡ። ተጨማሪ መንገድ የለውም።

ከመሃል ከተማ ወደ ዳር የተዛወራችሁ ደግሞ ሌላ ናችሁ። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ካዛንቺስ ሲፈርስ ብዙ ቤተሰብ ከለመደው ቁምስና ራቀ። እሑድ ሁለት ታክሲ ይዘው የድሮ ቤተ ክርስቲያናቸው የሚመጡ አውቃለሁ። ልባቸውን እረዳለሁ። ግን ልጁ ትምህርተ ክርስቶስን አሁን ካለበት ሰፈር ቅርብ በሆነው ቁምስና ቢጀምር ይሻላል፤ የማክሰኞው ጓደኛና የማክሰኞው ደጅ እዚያ ነው ያለው። የድሮውን ለበዓል ጠብቁት።

አባት ካቶሊክ እናት ኦርቶዶክስ፣ ወይም በተገላቢጦሽ የሆነባችሁ ቤቶች ቤት ውስጥ በሚሠራው ጀምሩ። ቤተልሔምን፣ ጉልባኑን፣ የሕይወት እንጀራን ሁለቱም ወላጆች ሳይጨቃጨቁ ማስተማር ይችላሉ። የት ይቆርባል የሚለውን ግን ልጁ ፊት አትከራከሩ። ሁለታችሁም ሄዳችሁ ካህን አማክሩ።

መቀመጥ የማይችል፣ ወይም ለመናገር የሚቸገር ልጅ ያላችሁ፣ የቃል ጥናቱ አያስፈራችሁ። የሚጠየቀው መለየትና ማክበር ነው። በእጅ ሥራውና በመብራቷ ጀምሩ፤ ልጁ የሚለየውን በምን እንደሚያሳይ ለቆሞሱ አስቀድማችሁ ንገሩ።

ከ12 በላይ የሆነ፣ "ይሰለቸኛል" የሚል ታዳጊ ላለው ምክሬ ትንሽ ነው፤ እኔም ገና እየተማርኩ ነኝና። ወደ ልጆች ክፍል አትመልሱት፣ ይዋረዳል። ወይ ያገልግል፣ ወይ ታናሹን ያስተምር። የእኛው አሁን 13 ዓመቱ ነው፤ እህቱን መቅደስ የማድረስ ሥራ ሰጠነው። ባለፈው ሳምንት በሚኒባስ በደጁ ስናልፍ እሷ "ውስጥ ማን አለ?" ብላ ፈተነችው። መስኮት መስኮቱን እያየ "ዘበኛው" አላት። ታክሲው ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ እሱ ራሱ፣ ገና ፌርማታችን ሳንደርስ፣ ቦርሳዋን አንሥቶ "ወራጅ አለ!" አለ።